ያልተሸነፉና ያልተጻፉ ባዝሮች

ያልተሸነፈ ሁሉ ታላቅ ነው ወይ? ጥያቄው ስለ ሰው ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላከራከረን፤ ጦር ሜዳ ወርዶ የማያውቅ ሰው ጠባሳ የሌለበትን ገላውን ቢያሳየን «ጀግና» ብለን አንፎክርለትምና። ስለ ፈረስ፣ ይልቁንም ስለ ባዝራ ሲሆን ግን የዓለም የእሽቅድምድም ወዳጆች አንዲት ዜሮ ይዘው ዓመት ከዓመት ይሟገታሉ። ይህች 54 ጊዜ ሮጣ 54 ጊዜ አሸነፈች፤ ያቺ 25 ጊዜ ሮጣ 25 ጊዜ፤ ሦስተኛዋ 13 ጊዜ ሮጣ 13 ጊዜ። በሽንፈት ዓምድ ሥር የሁሉም ባዶ ነው። እንግዲህ ማን ትበልጣለች?

እኔ ቀኔን ከቁጥር ጋር የማሳልፍ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ዜሮን በቅርብ አውቃታለሁ። ዕዳ የሌለበት ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ተበድሮ፣ ነግዶ፣ ከስሮና አትርፎ በመጨረሻ የከፈለ ነው፤ ሌላው ከነጭራሹ ተበድሮ የማያውቅ ነው። በመዝገብ ላይ የሁለቱም ዕዳ ዜሮ ሆኖ ይነበባል፤ አስተዋይ አበዳሪ ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን አያይም። ያልተሸነፉ ባዝሮችንም እንዲሁ መመልከት ይገባናል ባይ ነኝ። ስንት ጊዜ አሸነፈች ከማለታችን በፊት ስንት ጊዜ ለመሸነፍ ቀርባ ነበር ብለን እንጠይቅ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣት ኪንቸምን ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ኪሽቤር በተባለ የሃንጋሪ የፈረስ ማርቢያ ተወለደች። ቀለሟ ዳማ ነበር፤ ቁመናዋ ግን ዓይን የሚስብ አልነበረም ይባላል። ባለቤቷ ኤርኖ ብላስኮቪች ውርንጫዎቹን በአንድነት ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ ገዢው ሌሎቹን መርጦ እርሷን ትቷት እንደ ሄደ እስከ ዛሬ ይተረካል። ያቺ የተናቀች ውርንጫ ከ1876 እስከ 1879 በነበሩት አራት የውድድር ዘመናት 54 ጊዜ ሮጣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀደም ሜዳውን ተሰናበተች። ስሟ በአገሯ ቋንቋ «ሀብቴ» እንደ ማለት ነው። አገው ግምጃ ቤትን በመሰለ፣ ስሟ ራሱ የሀብት ማኖሪያ በሆነ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የኪንቸም ታላቅነት ግን ከሃምሳ አራቱ ይልቅ በባቡሩ ውስጥ ነው ያለው። የዛሬ ፈረስ በአውሮፕላን፣ ከነሐኪሙ ይጓዛል፤ እርሷ በዚያ ዘመን በሚንገጫገጭ የባቡር ፉርጎ ከሃንጋሪ ወደ ቪየና፣ ወደ ፕራግ፣ ወደ በርሊን ተመላልሳለች። አብራት የምትኖር ድመት ነበረቻትና ድመቷ ካልተሳፈረች አልሳፈርም ትል ነበር ይባላል፤ እውነት ይሁን ጌጥ፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ ይወደዋል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አራት ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት ሮጣለች። አጭሩንም ረጅሙንም፣ ደረቁንም ጭቃውንም አልመረጠችም፤ ወይም በትክክል እንናገርና ጌቶቿ አልመረጡላትም።

ነቃፊዎቿ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛ፣ ከሃምሳ አራቱ ጥቂቶቹ ተፎካካሪ ያልቀረበባቸው ነበሩ፤ ብቻዋን ሜዳውን ዞራ ሽልማቱን ወስዳለች። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሌሎቹ ለምን ቀሩ? እርሷ መምጣቷን ስለ ሰሙ ነው። ሁለተኛው ነቀፋ ይከብዳል፤ የመካከለኛው አውሮፓ ፈረሶች በዚያ ዘመን ከእንግሊዞቹ ያንሱ ነበር፣ እናም ደካማ ገበያ ውስጥ ነው የነገሠችው ይላል። ለዚህ መልሱ የ1878 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ክረምት ነው። በዚያ ክረምት እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዳ በጉድዉድ ዋንጫ፣ በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ በባለ አገሮቹ ሜዳ ባለ አገሮቹን ቀደመቻቸው። ለውድድሩ የተሰለፉት ሦስት ብቻ እንደ ነበሩ አልደብቅም። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ተሻግራ ዶቪል ላይ አሸነፈች። ከዚያም ሳታርፍ ወደ ጀርመን፣ ወደ ባደን ባደን።

እኔ ከሃምሳ አራቱ አንዱን ብቻ እንድመለከት ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ይህን የባደን ባደን ውድድር ነው። መንገድ አድክሟታል። ፕሪንስ ጋይልስ የተባለ ፈረስ እየገሰገሰ መጥቶ ከእርሷ ጋር እኩል ደረሰ፤ ዳኞችም መለየት አልቻሉም። ጌቶቿ ሽልማቱን ተካፍለው ዜሮዋን ይዘው ወደ ቤት መመለስ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም፤ በዚያው ዕለት ሁለቱ እንደ ገና ተሰለፉ፣ ኪንቸምም በግልጽ ርቀት አሸነፈች። መዝገቡ ላይ ይህ ከሌሎቹ ሃምሳ ሦስት ጋር እኩል አንድ ተብሎ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1887፣ በተወለደች በ13 ዓመቷ በልደቷ ዕለት ሞተች። ዛሬ የቡዳፔስት የፈረስ መሮጫ ሜዳ በስሟ ይጠራል፤ አጥንቷም በዚያው ከተማ በሙዚየም ቆሞ ይታያል።

ከእርሷ በኋላ 130 ዓመት ያህል ቆይታ አውስትራሊያዊቷ ብላክ ካቪያር መጣች። ከ2009 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) 25 ጊዜ ሮጣ 25 ጊዜ አሸነፈች፤ ከነዚህም 15ቱ በአገሩ የደረጃ ምደባ አንደኛ ደረጃ የሚባሉ ናቸው። ኪንቸም ያላጋጠማት የተፎካካሪ ብዛትና ጥራት እርሷን ገጥሟታል። ይሁን እንጂ ውድድሮቿ ሁሉ ከ1000 እስከ 1400 ሜትር ብቻ ነበሩ፤ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም በገዛ አገሯ። አሠልጣኟ ፒተር ሙዲ የምትችለውን ዐውቆ ከምትችለው አላስወጣትም። ብልኅነት ነው፤ አልነቅፈውም። የባንክ ቤት ቋንቋ ከተፈቀደልኝ ግን ገንዘቡን በተቀማጭ ያኖረ ሰው ብልኅነት ነው።

ያ አንዱ የባሕር ማዶ ውድድር በሰኔ 2012 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አስኮት፣ በንግሥት ኤልሣቤጥ ፊት የተደረገው ነው። ጋላቢዋ ሉክ ኖለን ነገሩ ያለቀ መስሎት ከመድረሻው ጥቂት ቀደም ብሎ ልጓሙን ለቀቀላት። ሙንላይት ክላውድ የተባለች የፈረንሳይ ባዝራ በጎን እየበረረች መጣች፤ ብላክ ካቪያር በጭንቅላት ያህል ብቻ ቀድማ ደረሰች። ኋላ ሲመረመር ጡንቻዋ ተጎድቶ እንደ ነበር ታወቀ። የሚደንቀው ነገር፣ ብዙ አድናቂዎቿ ይህን ውድድር እንደ እድፍ ቆጥረው ማንሣት አይወዱም። ለእኔ ግን ሃያ አራቱ ፍጥነቷን ነገሩኝ እንጂ ማንነቷን የነገረኝ ይህ ነው፤ በተጎዳ ሥጋ፣ በተዘናጋ ጋላቢ፣ በሰው አገር። በነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) 18 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ሞተች።

ሌሎችን በአጭሩ ልለፍ። ፈረንሳይ ያሠለጠነቻት ዛርካቫ ሰባት ጊዜ ብቻ ሮጣ፣ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የፓሪሱን ታላቁን የአርክ ደ ትሪዮንፍ ሽልማት ወስዳ በሦስት ዓመቷ ከሜዳ ወጣች። እንደ ጀመረች ያለቀች ግጥም ናት። አሜሪካዊቷ ፔፐርስ ፕራይድ ደግሞ 19 ጊዜ ሮጣ 19ኙንም አሸነፈች፤ ነገር ግን ሁሉም በኒው ሜክሲኮ ግዛት ውስጥ፣ እዚያው ለተወለዱ ፈረሶች በተዘጋጁ ውድድሮች ነው። የሰፈር ጉልቤ ማለት ይከብደኛል፤ ከሰፈር አለመውጣቷ ግን ሐቅ ነው።

ፐርሰናል ኤንሳይን ከዚህ ሁሉ ትለያለች። አሜሪካዊት ናት፤ ከ1986 እስከ 1988 (እ.ኤ.አ.) 13 ጊዜ ሮጣ 13 ጊዜ አሸነፈች። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን በሁለት ዓመቷ የኋላ እግሯ አጥንት ተሰብሮ በአምስት ብሎን ተጠግኖ ነበር። በእኛ አገር እግሩ የተሰበረ ፈረስ ምን እንደሚጠብቀው አንባቢ ያውቃል፤ በእነርሱም አገር ብዙውን ጊዜ ከዚያ የተሻለ አይጠብቀውም። እርሷ ተመልሳ ሮጠች። የመጨረሻ ውድድሯ በኅዳር 1988 (እ.ኤ.አ.) በኬንታኪ፣ በዝናብ በቦካ ሜዳ ላይ ነበር፤ ከፊቷ የዚያኑ ዓመት የኬንታኪ ደርቢ ወንዶቹን ቀድማ የወሰደችው ዊኒንግ ከለርስ ነበረች። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ፐርሰናል ኤንሳይን እጅግ ወደ ኋላ ቀርታ ስለ ነበር ያየ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ጭቃውን እየረገጠች መጥታ በአፍንጫ ቀደመች። በአፍንጫ ያህል ተቀድማ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባልኖረች፤ ያቺ የጭቃ ሩጫ ግን ያው በሆነች። ዜሮን የምጠረጥራት ስለዚህ ነው።

ረፊያን የተባለችው ጉራቻ ባዝራ በዜሮ አምላኪዎች ላይ የምትፈርድ ትመስለኛለች። እርሷም አሜሪካዊት ናት፤ አሥር ጊዜ ሮጣ አሥሩንም ከፊት ሆና አሸነፈች። ሐምሌ 6 ቀን 1975 (እ.ኤ.አ.) የዓመቱን የኬንታኪ ደርቢ አሸናፊ ፉሊሽ ፕሌዠርን ብቻ ለብቻ እንድትገጥም ተደረገ፤ ወንድና ሴት ይለይ ተባለ። በሩጫው መካከል የፊት እግሯ ተሰበረ። ሐኪሞች ሊያድኗት ሞክረው አልሆነም፤ ስለ ተሠቃየች በመድኃኒት እንድትሞት ተደረገ፤ በኒው ዮርክ ቤልሞንት ሜዳ ተቀበረች። ይህ አሥራ አንደኛው ሩጫ እንዴት ይመዝገብ? ሽንፈት ነው ወይ? መዝገብ ያዢው አንድ ነገር መጻፍ አለበትና አልጨረሰችም ብሎ ይጽፋል። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዜንያታ ደግሞ 19 ጊዜ በተከታታይ ካሸነፈች በኋላ በኅዳር 2010 (እ.ኤ.አ.) በሃያኛውና በመጨረሻው ሩጫዋ ብሌም በተባለ ወንድ ፈረስ በጭንቅላት ያህል ተቀደመች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያንኑ ታላቅ ውድድር ከወንዶች ጋር ሮጣ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ባዝራ ሆና ነበርና፣ በአሥራ ዘጠኝ ብትቆም ማን ይወቅሳት ነበር? ጥሩነሽ ዲባባን እናስታውስ። በቤጂንግና በለንደን ኦሎምፒክ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ወስዳ፣ ወልዳ አሳድጋ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሪዮ ላይ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። ያ ነሐስ ወርቆቿን አደበዘዘ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አንደኛ ኪንቸም፤ ሁለተኛ ፐርሰናል ኤንሳይን፤ ሦስተኛ የተሸነፈችው ዜንያታ፤ አራተኛ ብላክ ካቪያር። ረፊያንን ደረጃ አልሰጣትም። ፈጣኗን ለይ ብባል ዝርዝሩ ይገለበጥና ብላክ ካቪያር ትቀድም ይሆናል፤ የተጠየቀው ግን ታላቂቱ ናት።

ይህን ሁሉ ስለ ሃንጋሪና ስለ አሜሪካ ባዝራ የምናውቀው ግን ስለ ተጻፈ ነው፤ የተጻፈበትም መንገድ ያስገርማል። እንግሊዞች የእሽቅድምድም ፈረሶቻቸውን ትውልድ የሚመዘግቡበት አጠቃላይ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1791 ሲጀመር የተደራጀው በባዝራ ስም ነው። እናቲቱ በአርእስት ትጻፋለች፤ ልጆቿ ከሥሯ ይዘረዘራሉ። የኪንቸም እናት ዋተርኒምፍ እንደምትባል ዛሬ ግምጃ ቤት ተቀምጬ የማውቀው በዚህ ዓይነት መዝገብ ምክንያት ነው። የበረሃ ዓረቦችም የፈረስን ዘር በእናት ይቆጥራሉ፤ ለወረራ ሲወጡም ባዝራን ይመርጡ ነበር፤ ድንጉላ ሌላ ፈረስ ሲያይ ያሽካካና ሰውን ያጋልጣል፣ ባዝራ ግን ዝም ትላለች ይላሉ።

እኛስ? የእኛ የፈረስ ስም ባህል ከዓለም የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ፈረሱ ሞቶ ስሙ ከጌታው ጋር በታሪክ ይኖራል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እነዚህን ስሞች ሰብስበው «ቼ በለው» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተማቸው ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን «አባ» የሚለው ቃል ራሱ በሩን ይዘጋል። ለራሴ የጫርኋት ሁለት መስመር አለች፤

አባ ታጠቅ ሲባል፣ አባ ዳኘው ሲባል፣
የወለደቻቸው ባዝራ ማን ትባላል?

ባዝራ በቋንቋችን ውስጥ በክብር የተነሣችበት ቦታ ቢፈለግ ያቺ የበቅሎ ተረት ናት፤ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። እርሱም ቢሆን በአህያ አባት ያፈረች ልጅ መሸሸጊያ ነው። በኑሮም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ የባዝራ ዋጋ ለዘመናት የተተመነው በምትወልዳት በቅሎ ዋጋ ነው።

ይህን የምጽፈው ፈረስ ከኑሮ ባልወጣበት አገር ሆኜ ነው። አዊ ውስጥ ፈረስ ጋሪ ይስባል፣ እህል ይጭናል፣ በአንዳንድ ቀበሌም ሞፈር ይጎትታል፤ ሙሽራ ያጅባል፣ ለልቅሶም ይሰለፋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በአድዋና በአርበኝነቱ ዘመን ፈረስ የዋለውን ውለታ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚታየውን የጉግስና የግልቢያ ትርኢት ያየ ሰው አይረሳውም። ግላሱ፣ ልጓሙ፣ የዛብ ጌጡ ሁሉ ለወሬ ይበቃል። ከበዓሉ በኋላ በየጠጁ ቤት የሚወራው ግን ስለ ድንጉላው ነው። የእገሌ ዳማ፣ የእገሌ አምባላይ ይባላል፤ ማን እንደ ወለደው የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ረገድ የአዊ ባዝሮች ሁሉ ያልተሸነፉ ናቸው። የሽንፈት ዓምዳቸው ባዶ ነው፤ የድል ዓምዳቸውም፣ የስም ዓምዳቸውም እንዲሁ ባዶ ነው።

ይህን ሐሳብ በፈረስ ላይ ለሸመገሉ አንድ አባት ባነሣላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ የባዝራ ስሟ ውርንጫዋ ነው» አሉኝ። አባባላቸው ያምራል፤ ከእኔ ሁለት መስመርም ይሻላል። ግን ውርንጫው ከአደገ በኋላ ስሙ ቀለሙ ይሆናል፣ ከተሸጠም የገዢው ይሆናል፤ በሁለት ትውልድ ውስጥ ያ ጽኑ እግር፣ ያ ረጅም ትንፋሽ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ጥሩ ፈረስ ለማራባት የሚፈልግ ገበሬ የሚመካበት ነገር ቢኖር የሽማግሌ ትዝታ ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹም እያለቁብን ነው። ጉዳዩ ለባዝራ የማዘን ብቻ እንዳልሆነ ለማመልከት ያህል ነው።

የምለው መዝገብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ የተሰመረ ትልቅ ደብተርና ጽሕፈቱ የሚነበብ አንድ ጸሐፊ ይበቃሉ፤ ጸሐፊ ከታጣ እኔ አለሁ። በመጪው ጥር 23 ፈረሰኛው እንጅባራ ሲገባ የፈረሱ መጠሪያ፣ ቀለሙ፣ የተወለደበት ቀበሌና ዓመት፣ የባለቤቱ ስም ይጻፍ፤ ቀጥሎም የእናቱ ስም። ይህ የመጨረሻው ዓምድ በመጀመሪያው ዓመት ለብዙዎቹ ባዶ እንደሚሆን ዐውቃለሁ። ባለፈረሱ ወደ ቀዬው ሲመለስ ባዝራይቱ ከጋሪ ተፈትታ ደጁ ላይ ሣር ስትግጥ ያገኛታል፤ እዚያው ቆሞ ስም ያውጣላትና በሚቀጥለው ዓመት መጥቶ ያስጽፍ።